የብፅዓት ወኪል

ኖላዊ ወደ ትዳር ምክር ጣቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደው በ2081 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የዚያን ቀን ፈረቃውን ለባልደረባው አስረክቦ፣ የሥራ ቱታውን አውልቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ጺሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አዳማ ውስጥ የስድስት ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃዎችን አሳንሰር የሚጠግን ቴክኒሻን ነው። የሥራ ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው አሳንሰሩ በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ወገቡን በቀበቶ ታስሮ ነው። ከግድግዳው ማዶ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። የሚያወሩት ግን እርስ በርስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ከየራሱ አድማጭ ጋር ነው። አድማጭ ማለት አሥራ አራት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ከቀበሌው የሚቀበለው፣ ጆሮ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው። ሰው ሲከፋው ለሱ ይነግራል፤ ሲደሰትም እንደዚያው። በአንድ አሳንሰር ውስጥ አሥር ሰው ቆሞ አሥሩም በሹክሹክታ ሲያወራ ማየት የተለመደ ነው። ሲወርዱ ደህና ዋሉ የሚላቸው አሳንሰሩ ነው።

ሚስቱ ብፅዓት ከቤት ከወጣች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ድሬዳዋ በአንድ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ሥራ አግኝታ ሄደች። ሲለያዩ አልተጨቃጨቁም። አንድ እሑድ ጠዋት ሁለት ሻንጣ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና፣ "ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ" አለችው። እሱም "እሺ" አላት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በዚህ አለቀ። በመስከረም የፍቺ ማመልከቻዋ ደረሰው።

ሕጉ ከፍቺ በፊት አሥራ ሁለት የምክር ቀጠሮ ያዝዛል። በአካል መገኘት ግን ግዴታ አይደለም፤ ወኪል መላክ ይቻላል። ወኪሉ በላኪው ድምፅ ይናገራል፤ የሚናገረውም ላኪው ባለፉት ዓመታት ለአድማጩ ከነገረው ተነስቶ ነው። ብዙ ባልና ሚስት ሁለቱም ወኪል ይልካሉ። ያኔ ሁለት ድምፆች ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ይነጋገሩና ውጤቱ ለየቤቱ ይላካል። ኖላዊም ወኪል ለመላክ አመልክቶ ነበር። የደረሰው መልስ አጭር ነው፦ "ከአድማጭዎ ጋር ያደረጉት ንግግር ወኪል ለመሥራት አይበቃም።" ስለዚህ ራሱ ሄደ።

በሩን የከፈተችለት ሴት ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ስሟ ሜሮን ነው፤ የአሮጊት ስም ከሆነ ቆይቷል። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ከዘራ ተደግፋ፣ ወደ መጠበቂያው ክፍል አስገባችው።

"ወኪል የለህም?"

"አልበቃህም አሉኝ።"

ሳቀች። "ጥሩ። በአካል የሚመጣ ሰው ካየሁ ወር ሆኖኛል።" ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ወጣት ሳለሁ የማማከሩን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ፣ በገዛ አፌ መልሼ። አሁን በር እከፍታለሁ፣ ውሃና ሶፍት አቀርባለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰው እንደነበረ እፈርማለሁ። ምን እንደሚገጥምህ ልንገርህ?"

"ይንገሩኝ።"

"በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ሦስተኛው ላይ ትናደዳለህ። አምስተኛው ላይ ከአሁን በኋላ አልመጣም ትላለህ፤ ግን ና። ስድስተኛው ወይ ሰባተኛው ላይ ያላሰብከው ነገር ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሰዉ ነው።"

"ሰው ይታረቃል?"

"አንዳንዱ ይታረቃል። አንዳንዱ በደንብ ይለያያል። እሱም ቀላል ነገር አይደለም።"

የምክር ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ኖላዊ ተቀመጠ። ሌላው ባዶ ነው፤ መደገፊያው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተሰክቷል። አማካሪው ከጣሪያው ይናገራል። የተረጋጋ የወንድ ድምፅ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ አቶ ኖላዊ። ወይዘሮ ብፅዓት በወኪል ተገኝተዋል። ሰላምታ ትለዋወጣላችሁ?"

"እንደምን አደርክ ኖሊ" አለ ባዶው ወንበር።

ኖላዊ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኖሊ ብላ ከጠራችው ብዙ ዓመት ሆኗታል። ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ የምትስበው ነገር እንኳ አልቀረም። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ሜሮን እንዳለችው ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ተናደደ፤ ለምን ሳትነግረኝ ሥራ ፈለግሽ ብሎ በባዶው ወንበር ላይ ጮኸ። ወኪሏ አልጮኸችም። "ልክ ነህ፤ መንገር ነበረብኝ። ስነግርህ ዝም ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነው" አለችው። ብፅዓት እንዲህ መልሳለት አታውቅም። ብፅዓት ስትናደድ ድስት ታጥባለች፤ ንጹሑንም ታጥባለች። በአምስተኛው ቀጠሮ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሳያስበው ራሱን አውቶቡስ ውስጥ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመረ። ሰኞ ፀጉሩን ይስተካከላል። ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሰው የለም፤ ለአድማጩም የሚነግረው ብዙ የለውም። "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ሲለው "ደህና" ይላል፤ በዚያው ያበቃል። በሳምንት ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ሆነ። የሚናገረውም ለሚስቱ ድምፅ ነው። አንድ ቀን ስለ ሥራው አጫወታት፤ አንድ አሳንሰር በሠላሳኛው ፎቅ ላይ ያለ ምክንያት እየቆመ እንዳስቸገረው። ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱን እስከ መጨረሻ ሰማችው። ብፅዓት ከሄደች ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ እንዲህ አውርተው አያውቁም።

በሰባተኛው ቀጠሮ የእናቱ ነገር ተነሳ።

የኖላዊ እናት ወይዘሮ ፌቨን የመርሳት በሽታ ይዟቸው የመጨረሻ ስድስት ዓመታቸውን የኖሩት እነሱ ቤት ነው። ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ልብሳቸውን የለወጠችላቸው ብፅዓት ናት፤ ለዚሁ ብላ ሥራዋን ትታ ነበር። ኖላዊ በእነዚያ ዓመታት ትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር። ጠዋት ሲወጣ እናቱ ተኝተው፣ ማታ ሲገባም ተኝተው ያገኛቸዋል። ከሞቱ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል።

"እናትህ በየቀኑ ትሰድበኝ ነበር" አለች ወኪሏ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ሌባ ትለኛለች። ጎረቤት ጠርታ ወርቄን ሰረቀችኝ ትላለች። ምግቡን ፊቴ ላይ ትተፋለች። ፀጉሬን ስትጎትተኝ በሁለት እጄ ጣቷን አንድ በአንድ ነበር የምፈታው። አንተ ስትገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ ደከመሽ ወይ አላልከኝም።"

ኖላዊ መናገር ጀመረና ማቆም አቃተው። አርባ ደቂቃ ተናገረ። አላየሁም ነበር፣ አላወቅኩም ነበር፣ ብሎ አለቀሰ። የእናቱን መታመም ማየት እንደፈራ፣ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ መንጠልጠል እቤት ከመግባት ይሻለው እንደነበር ነገራት። ሜሮን ሁለት ጊዜ ገብታ ሶፍት አስቀምጣ ወጣች።

"ሰምቼሃለሁ ኖሊ" አለች ወኪሏ። "ይቅር ብዬሃለሁ።"

"ይህ ነጥብ ተዘግቷል" አለ አማካሪው ከጣሪያው።

የዚያን ቀን ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። በማግሥቱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲሠራ እያፏጨ መሆኑን ያወቀው ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት "ማነው?" ስትል ነው። በምሳ ሰዓት ቀበቶውን ፈትቶ ለብፅዓት መልእክት ጻፈላት፦ "አመሰግናለሁ።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰች፦ "ለምኑ?"

ስልኩን ይዞ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ገባ፦ "አዎ፣ የማክሰኞው ማጠቃለያ ደርሶኛል። መልካም ቀን።"

በስምንተኛው ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ።

"ወኪሏ የሰማችውን እሷም ትሰማዋለች?" ብሎ ሜሮንን ጠየቃት።

"ሦስት መስመር ይደርሳታል።" ሜሮን ከጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ሰሌዳ አዙራ አሳየችው። እንዲህ ይላል፦ "ባል ከእናታቸው እንክብካቤ ጋር በተያያዘ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ተቀባይነት አግኝቷል። ነጥቡ ተዘግቷል።"

ኖላዊ ሁለት ጊዜ አነበበው። "አርባ ደቂቃ ነው ያለቀስኩት።"

"አውቃለሁ። ሶፍቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

"ድሬዳዋ ሄጄ ራሴ ብነግራትስ?"

"መመሪያው አይፈቅድም አይልም። አይመከርም ነው የሚለው። የተዘጋ ነጥብ መክፈት ይሆናል።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ሜሮን ጣቷን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና አድማጯን አውጥታ ከሶፍቱ ካርቶን ሥር አስገባችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ብሆን እሄዳለሁ" አለች። "ግን ልጄ፣ እዚህ የለመድካትን ሴትዮ እዚያ አገኛለሁ ብለህ እንዳትሄድ። ይህችኛዋ እንድትስማማ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ያቺኛዋ ሰው ናት።"

በታኅሣሥ ወር ሁለተኛው እሑድ ድሬዳዋ ገባ። ባቡሩ የደረሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በታኅሣሥ እንኳ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አስፋልቱን ያቃጥላል። ሱቆች በር መዝጋት ጀምረው ነበር። በሙቀቱ ምክንያት ከአምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ከቤት መውጣት የሚከለከለው ድሮ በግንቦትና በሰኔ ብቻ ነበር፤ አሁን ዓመቱን ሙሉ ነው።

ብፅዓት የምትኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሲወጣ የአሳንሰሩ ገመድ ሲንጫጫ ሰማ፤ ቅባት ይፈልጋል። በሩን አንኳኳ።

ከፈተችና አየችው። መነጽር ማድረግ ጀምራለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፤ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል።

"ኖላዊ? ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ሰው ሞተ?"

"አልሞተም። ላናግርሽ ነው።"

ከበሩ ዞር አለችለት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል። አንስታ አልጋው ላይ አደረገችው። ውሃ ቀዳችለት። ስለ ባቡሩ ጠየቀችው፤ ደህና ነው አላት። ስለ ሥራዋ ጠየቃት፤ ደህና ነው አለችው። ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ከተማው ላይ ረዥም ደወል ጮኸ።

"አምስት ሰዓት ሞላ" አለች። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መውጣት አትችልም።"

"አላወቅኩም ነበር።"

"ታውቃለህ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም።"

እውነቷን ነው፤ ያውቅ ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በባቡሩ ውስጥ የሚናገረውን አስተካክሎ ይዞ ነበር። አሁን ፊቷን እያየ ሲጀምር ቃሉ ተቆራረጠበት።

"ስለ እማዬ ነው። ስድስት ዓመት አንቺ... እኔ አላየሁም ነበር። ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ።"

ይኸው ነው፤ ሌላ አልወጣውም።

"ደርሶኛል ብዬህ የለ" አለች ብፅዓት።

"የደረሰሽ ሦስት መስመር ነው።"

"በቂ ነው።"

"ከእኔ ይድረስሽ ብዬ ነው የመጣሁት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ምን አለችህ እሷ? ያቺ የኔ ወኪል?"

"ይቅር ብዬሃለሁ አለችኝ።"

"ማን ፈቀደላት?"

ኖላዊ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ማን ፈቀደላት ነው የምልህ!" ብፅዓት ተነስታ ቆመች። "እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ እያደርኩ፣ እሷ እዚያ በእኔ ድምፅ ይቅር ትላለች? ለመሆኑ ምን ብላ ነው የነገረችህ? ሰደበችኝ፣ ፀጉሬን ጎተተች? እና አንተ አለቀስክ። ከዚያ ቀለል አለህ። አይደል? ቀለል አለህ?"

"አዎ" አለ። መዋሸት አልቻለም።

ወደ ማብሰያው ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። መኮሮኒ ቀቀለች፤ ማንም ሳይርበው። በሉ፤ ሳህን ላይ ሹካ ሲያቃጭል ብቻ ይሰማል። ውጭ መንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ከታች ካሉት ፎቆች ሰዎች በየክፍላቸው ለየአድማጫቸው ሲያወሩ፣ ቃሉ ሳይለይ፣ እንደ ውሃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኖላዊ መምጣቱን ተጸጸተ። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ስንት እንደቀረ አሰበ፤ አራት ሰዓት ቀርቷል።

ብፅዓት ሳህኖቹን አነሳችና ቆመች። ከዚያ አድማጯን ከጆሮዋ አወጣች። የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍታ ከማንኪያዎቹ ጋር ጣለችው። "ያንተንም አምጣ" አለች። ሰጣት። መሳቢያውን ዘጋችና መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አላየችውም፤ የምታየው ጠረጴዛውን ነበር።

"እናትህን መትቻታለሁ" አለች።

ኖላዊ የሰማውን ነገር አላመነም። "ምን?"

"በ2078 ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናብ ነበር። አልጋው ላይ ሸንታ ልብሷን ልለውጥ ስል እምቢ አለች። ነከሰችኝ። እጄን ሳስለቅቅ በጥፊ መታኋት።" ትንፋሽ ወሰደች። "የመጀመሪያው ከእጄ አመለጠኝ ልበል። እንደዚያ ይባላል። ግን ሁለተኛ ደገምኳት። ሁለተኛውን አስቤ ነው የመታኋት። እጄን አንስቼ፣ ፊቷን እያየሁ።"

"ብፅዓት..."

"ቆይ። አላለቀም። አልጮኸችም። አልሰደበችኝም። ጉንጯን ይዛ አየችኝና፣ ሁለተኛ አይለምደኝም እማዬ፣ አለችኝ። እማዬ አለችኝ፣ ኖላዊ። እንደ ልጅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሳድባኝ አታውቅም። ሰው ሁሉ ተረጋጋች፣ መድኃኒቱ ሠራላት አለ። ፈርታኝ ነው። እስክትሞት ድረስ፣ ስገባ ልብሷን ራሷ ለማውለቅ ትጣደፍ ነበር፣ ቁልፉን ማግኘት እያቃታት።"

ዕንባዋ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገችውም።

"በለቅሶው ላይ ሴቶቹ ከበውኝ፣ የወለደቻት ልጇ እንኳ እንዲህ አታደርግላትም ሲሉ አንተ ጎኔ ተቀምጠህ ነበር። እጄን ያዝከኝ። ያኔ ነው መሄድ እንዳለብኝ ያወቅኩት። ለአድማጩ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ስለዚህ እዚያ ያለችው ወኪል አታውቀውም። ጥሩ ሴት ናት፤ ይህን ስለማታውቅ ነው ጥሩ የሆነችው።" ቀና ብላ አየችው። "በል እንጂ። ለእሷ ብዙ አውርተህላታል። ለእኔም አንድ ነገር በል።"

ኖላዊ እጆቹን አየ። መዳፎቹ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ። እናቱ ትዝ አሉት፤ ጤነኛ ሳሉ ሳይሆን፣ የመጨረሻ ጊዜ እንደነበሩት፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲፈልጉ። ተነስቶ መሄድ አማረው፤ በሩ ግን ዝግ ነበር። ሲናገር ያለው ነገር፣ ይላል ብሎ ያሰበው አልነበረም።

"ጉንጫቸውን አይቼዋለሁ" አለ።

"ምን አየህ?"

"ምልክቱን። ከሥራ ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ተኝተዋል። የግራ ጉንጫቸው አብጧል፤ ጣት የሚመስል ነገር አለበት። ወድቀው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጣት መሆኑን አውቃለሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ ደግሞ ቤት መዋል ሊኖርብኝ ነው። እኔ ልይዛቸው ነው። በማግሥቱ ሌላ ፈረቃ ጨምሩልኝ አልኳቸው። ጨመሩልኝ።"

ብፅዓት አፏን በእጇ ያዘች።

"አላየሁም ነበር ስልሽ ውሸት ነው" አለ። "ለወኪልሽም የነገርኳት ውሸት ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ።"

"ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ እንዳታውቅ ብዬ ነው የሸሸሁት። ቤቴን፣ አገሬን ትቼ... እንዳታውቅ ብዬ!"

ጮኸችበት። የሚለውን ሁሉ ልትለው መብት ነበራት፤ አለችውም። ፈሪ አለችው። እናቱን ለእሷ ጥሎ በገመድ ላይ የተደበቀ አለችው። እሱም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "አሮጊት ነበሩ እኮ፣ ታመው ነበር እኮ" ብሎ ጮኸባት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተጯጩኸው አያውቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ሰዓት ብዙ አልተናገሩም። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። እሱ ሳህኖቹን አጥቦ ደረደራቸው። የመውጫው ደወል ሲጮህ ነቃችና ሰዓቱን አየች።

"ባቡርህ?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።"

አድማጩን ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠችውና እስከ ሕንፃው በር ሸኘችው። መንገዱ ላይ ሰዎች ከየበሩ እየወጡ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"አብሬህ መኖር አልችልም" አለች። "ሳይህ እናትህን ነው የማየው።"

"እኔም።"

"ቀጠሮውን ጨርሰው። እኔ ግን አልመጣም፤ ያቺ ትምጣ።"

"እሺ።"

ጨረሰው። በቀሩት ቀጠሮዎች ሁሉ ተገኘ፤ ጥቂት ተናገረ። በአሥረኛው ላይ ወኪሏ፣ "እናትህን በትዕግሥት ነው የያዝኳት፤ በዚያ እኮራለሁ" አለችው። ኖላዊ አላረማትም። የብፅዓት ምስጢር ከድሬዳዋው ክፍል ወጥቶ ወደዚህ ክፍል እንዲገባ አልፈለገም። አማካሪው "አቶ ኖላዊ ዛሬ ዝምተኛ ሆነዋል" ብሎ መዘገበ። በጥር ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ፣ ፍቺው በስምምነት እንደተጠናቀቀ ተነገረው።

"ደህና ሁን ኖሊ" አለች ወኪሏ።

"ደህና ሁኚ" አላት። ጨዋ ሰው ነው።

ሜሮን ፈርማ ወረቀቱን ሰጠችው። "ጠይቂ ስለሚሉኝ ነው፤ የወኪሏን ድምፅ ቤትህ ውስጥ ማስቀጠል ትችላለህ። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ እንደነበረው ማለት ነው። ብዙ ሰው እሺ ይላል።"

"አልፈልግም።"

"አገኘሃት እንዴ? ያቺኛዋን?"

"አገኘኋት።"

ሜሮን ሌላ አልጠየቀችም። ከዘራዋን ተደግፋ እስከ በሩ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከመቼውም ይልቅ ከበዱት። ማክሰኞ ሲደርስ የሚሄድበት የለውም። አድማጩ "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ሲለው ዝም ማለት ጀመረ። ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳለ እናቱ ይመጡበታል፤ ሁለት ጊዜ ሥራ አቋርጦ ወጣ። በየካቲት አለቃው ዘንድ ሄዶ ትርፍ ሰዓቱን ተወ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ቤት መዋል እፈልጋለሁ አለ። "ቤትህ ማን አለ?" ብለው ተገረሙ። "ማንም የለም" አላቸው።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ስልኩ ጠራ።

"ኖላዊ።"

"አቤት።"

"ቤት ነኝ። በር ተዘግቷል። ከጠዋት ጀምሮ ስለዚያ ነገር ሳስብ ነበር። ስለ ሁለተኛው ጥፊ።"

ኖላዊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ንገሪኝ" አላት።

"ነግሬህ የለ።"

"እንደገና ንገሪኝ።"

ነገረችው። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ከዝናቡ፣ ከንክሻው፤ ባለፈው ያላነሳችውን ጨምራ፣ ከዚያ በኋላ የእናቱን ፊት በሞቀ ውሃ እንዳጠበችና እሳቸውም ዝም ብለው እንደታጠቡላት። አላቋረጣትም። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም፤ ለዚያ ገና መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ስትጨርስ ብፅዓት ድሬዳዋ ላይ ነፋስ መነሳቱን ነገረችው፤ እሱም ወደ መስኮቱ ሄዶ አየና አዳማም እየነፈሰ መሆኑን ነገራት።